የልጆቹን ብር ከአባታቸው ኪስ ማራቅ

ታናሽ ወንድሜ መርካቶ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ደላላ ነው። ደህና ሳምንት ከገጠመው እኔ ሜክሲኮ አካባቢ በሒሳብ ሠራተኝነት በወር የማገኘውን እሱ በሁለት ቀን ይዞ ይገባል። ሰኞ ግን ለልጁ ደብተር መግዣ ያጣል። አይጠጣም፣ አይቅምም። ብሩ የሚሄደው ለሰው ነው፤ ለጓደኛ ብድር፣ ለለቅሶ፣ ለክርስትና፣ ሥራ ለቀዘቀዘበት ባልደረባ። አባካኝ የሚሉት ዘመዶቻችን የሚያናድዱኝም ለዚህ ነው። የተቸገረ ሰው ፊቱ ቆሞ እምቢ ማለት የማይሆንለትን ሰው፣ ብሩ ኪሱ እያለ "ቆጥብ" ቢሉት ምን ሊያደርግ ይችላል?

አንድ ቦታ ግን ዝንፍ ብሎ አያውቅም፤ እቁቡ ላይ። ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ካላቀረበ ብሩን አይወስድም፤ መጣል ካቆመ ደግሞ የሚጠየቀው ዋሱ ነው። ወንድሜ ቤቱ ጦም ቢያድር እንኳ የዋሰውን ሰው አያሳፍርም። ችግሩ ዕጣው የወጣለት ዕለት ነው። ገበያው በሙሉ ይሰማል፣ ተበዳሪው ይሰለፋል።

ከሚስቱ ጋር ተመካከርን፣ እሱም ተስማማ፤ በእሷ ስም ሌላ እቁብ ተገባ። ተክለሃይማኖት አካባቢ ከሰፈሯ ሴቶች ጋር ነው፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በሳምንት 1,000 ብር ይጣላል። ቅዳሜ ማታ ብሩን ቆጥሮ የሚሰጣት እሱ ራሱ ነው። ዳኛዋ ትልቅ ሴትዮ ናቸው፤ የትምህርት ቤት ምዝገባ እንደሚደርስባት ስትነግራቸው አባላቱን አስማምተው ዕጣውን ሐምሌ መጨረሻ ላይ አደረጉላት። ከዚያ ወዲህ ወንድሜ ብድር ሲጠየቅ "የእቁብ ብር ነው" ይላል። መርካቶ ውስጥ ይህን ሰምቶ የሚቀየም የለም። እስከዛሬ ያጣው ሳያስቀይም እምቢ የሚልበት ምክንያት ነበር።

ዕጣው ሲደርሳት መጀመሪያ የትምህርት ቤቱ ይከፈላል፣ የተረፈው በልጅቷ ስም ባንክ ይገባል። ሒሳቡን ለመክፈት የልጅቷን የልደት ምስክር ወረቀት፣ የእናትየዋን ፋይዳና ጉርድ ፎቶ ይዘን ሄድን። ሞባይል ባንኪንግ ሆን ብለን አላስገባንበትም፤ ከስልክ ላይ የሚላክ ብር ለወንድሜ ያው ኪሱ እንዳለ ነው። ልጅቷ አራተኛ ክፍል ናት። ከባንኩ ስንወጣ ደብተሩን ገልጣ ስሟን እስከ አያቷ ድረስ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው፣ ከዚያ "አባዬ ማውጣት ይችላል?" ብላ ጠየቀች። እናትየዋ "እኔም ዝም ብዬ አላወጣም" አለቻት።

ባንክ ማስተኛት ብቻውን ግን አያዋጣም። የቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ በ2010 ወደ 7 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር፤ በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሄደ። ሐምሌ 2016 ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ይህን ለወንድሜ ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ ዕቃ ከውጭ የሚመጣበት ተራ ውስጥ ነው የሚውለው። ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን በ2017 ለሽያጭ ሲያወጣ አንዱ አክሲዮን 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ነበር። ሚስቱ በቴሌብር በ9,900 ብር ትንሹን ገዛች። እኔ በበኩሌ አክሲዮንን የምወድላቸው ለቅሶ መጣ ተብሎ በአንድ ማታ የማይሸጥ ስለሆነ ነው።

"እትዬ፣ አንቺ ያዢልኝ" ያለኝ ጊዜ ነበር። እምቢ አልኩት። እኔ ጋ ቢሆን ሲጨንቀው ማታ በሬን ያንኳኳል፤ ብከለክለው እንጣላለን፣ ብሰጠው የልጆቹ ብር ያልቃል። ከዚያም በላይ፣ ልጆቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ብሩን ለእናታቸው ሲሰጥ የሚያዩት አባታቸውን እንዲሆን እፈልጋለሁ።

መስከረም ላይ አዲስ ዙር ይጀመራል። ወንድሜ ለትንሹም ሌላ ዕጣ ይገባለት እያለ ነው። ሚስቱ ገበያው ቢቀዘቅዝ ከየት ይመጣል ብላ ፈርታለች፣ እውነቷን ነው። ግማሽ ዕጣ ይበቃል ብያቸዋለሁ፤ ሌላውን ግማሽ ጎረቤቷ እንድትይዝላት ይህን ሳምንት ታናግራታለች። እስከዚያ ለልጁ የልደት ምስክር ወረቀት ወረዳ መሄድ አለብን።