ጎማውን ንካው

ቢራ መጥመቅ ያስተማሩኝ በሌሊት ፈረቃ አብረውኝ የሚሠሩ አንድ አዛውንት ናቸው። በስደት ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። የዕረፍት ቀኔን ከአልጋ ሳልወርድ እንደማሳልፍ ሲሰሙ "ተነስና ቤት ና፣ እጅህ ሥራ ይያዝ" አሉኝ። እየዋልኩ እያደርኩ የራሴን ጠመቅኩ። ጠርሙስ ማጠብ ሲያታክተኝ ያገለገለ ኬግ ገዛሁ፤ ድሮ ለለስላሳ መጠጥ ይውል የነበረው፣ 19 ሊትር የሚይዘው ቀጭን በርሜል።

የመጀመሪያውን ኬግ ልቀዳ የሥራ ጓደኞቼን ጠራሁ። ወደዚህ አገር ከመጣሁ ወዲህ ሰው ቤቴ ስጠራ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ኬጉን ትልቅ ባልዲ ውስጥ አቁሜ በረዶ ሞላሁበት፣ ውሃም ጨመርኩ፤ በረዶ ብቻውን ብረቱን እዚህም እዚያም ነው የሚነካው፣ ውሃ ሲገባበት ግን ዙሪያውን ይይዘዋል። ቢራው በደንብ ቀዘቀዘ። ስከፍተው ግን አረፋ ብቻ ወጣ። ሦስት ብርጭቆ፣ አራት ብርጭቆ፣ አረፋ። ጠመቃዬ የተበላሸ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ።

አዛውንቱ ምንም አላሉም። እጄን ይዘው መቅጃው ጎማ ላይ አስቀመጡት። "ንካው።" ሞቃት ነበር።

ለካ ቢራው ከበርሜሉ ቀዝቅዞ ይወጣና መንገድ ላይ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ደግሞ የያዘውን ጋዝ ይለቃል። ጎማዬም አንድ ሜትር አይሞላም ነበር። ቢራው ግፊቱን ቀስ በቀስ የሚያጣበት ርቀት ስለሌለው ቧንቧው ጋ ሲደርስ ይፈነዳል። የውስጥ ስፋቱ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ሦስት ሜትር ያህል ጎማ ገዛሁና ጠቅልዬ ከኬጉ ጋር ቅዝቃዜው ውስጥ አስቀመጥኩት። አረፋው ወደ ልኩ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ በረዶ መሸከሙን ትቼ ከላይ የሚከፈት አሮጌ ፍሪዘር አገኘሁ። እንዳለ ቢሠራ ቢራውን በረዶ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ኤሌክትሪኩን 3 ዲግሪ ላይ የሚቆርጥ መቆጣጠሪያ ገጠምኩለት። የሙቀት መለኪያውን ጫፍ አየር ላይ አልተውኩትም፣ ኬጉ ጎን ላይ ለጥፌ በስፖንጅ ሸፈንኩት። ማወቅ የምፈልገው የቢራውን ቅዝቃዜ ነው። የፍሪዘሩን ግድግዳ መብሳት አደገኛ ነው፣ የማቀዝቀዣው ቱቦዎች እዚያ ውስጥ ተደብቀዋል። ከክዳኑ ሥር የእንጨት ፍሬም አስገብቼ ቧንቧዎቹን በእሱ አሳለፍኩ።

ቢራው ጋዝ እንዲይዝ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደሩ ወደ ኬጉ የሚገባውን ግፊት በ12 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ አድርጌ ሁለት ሳምንት እተወዋለሁ። ለመቸኮል ኬግ የሚንጡ አሉ፤ እኔ አልወደውም፣ ልኩን ማለፍ ቀላል ነው።

ለሽርሽር የበረዶ ሳጥን ውስጥ የተጠቀለለ የማይዝግ ብረት ቱቦም ይሠራል። ቢራው በዚያ ሲያልፍ ይቀዘቅዛል፣ ኬጉ ውጭ ይቆያል። ቱቦው ረጅም ስለሆነ ግፊቱ ከፍ ማለት አለበት።

ስለ ጋዙ ግን አደራ። አንድ ያረጀ ጎሚኒ አንድ ሌሊት ውስጥ ሲሊንደሩን ባዶ አድርጎብኛል። አሁን መጋጠሚያውን ሁሉ በሳሙና ውሃ እቀባለሁ፤ ኩፍ ካለ ይተነፍሳል ማለት ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሽታ የለውም፣ ጠባብና የተዘጋ ክፍል ውስጥ ከተጠራቀመ ሰው ይገድላል። እኔ መስኮት በሌለው ክፍል አላስቀምጠውም።

ፍሪዘሩ ሥራ በጀመረ በወሩ ያንኑ ሰዎች መልሼ ጠራሁ። አዛውንቱ ቀድመው መጡ። ኮታቸውን ሳያወልቁ ክዳኑን ከፍተው እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱና ጎማውን ዳበሱት። ከዚያ ክዳኑን ዘጉና ብርጭቆ ጠየቁኝ።