ስህተትን የሚውጥ ድራይቨር

ደብረ ማርቆስ ዛሬ ዝናቡ አላባራም። እኔም ቀኑን ሙሉ አንድ የሊኑክስ ፋይል ሲስተም ድራይቨር (ፋይሎችን ዲስክ ላይ የሚጽፍና የሚያነብ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ክፍል) ላይ ተደፍቼ ዋልኩ።

ፋይል ሴቭ ስታደርጉ ዳታው መጀመሪያ ሚሞሪ ላይ ነው የሚያርፈው። ወደ ዲስክ የሚወርደው ቆይቶ ነው። ያኔ ዲስኩ እምቢ ቢልስ? ይሄ ድራይቨር ስህተቱን ዋጥ ያደርገዋል። መሃል ላይ ፍላሹን ነቅዬ ሞከርኩት። ኤፍሲንክ (ዳታው አሁኑኑ ዲስክ ላይ ይውረድ የሚለው ትእዛዝ) «ተሳክቷል» አለኝ። መልሼ ስሰካው ፋይሉ ባዶ! በጣም ነው ያናደደኝ። የሰው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የልጅ ፎቶ እኮ ነው እንዲህ የሚጠፋው።

ከሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ቁጥር 4.13 (2017 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ስህተቱን ፋይሉን ለከፈተው ፕሮግራም ሁሉ የሚያደርስ መንገድ አለ። ድራይቨሩ ግን አይጠራውም ነበር። ጨመርኩት። ጥቂት መስመር ነው።

ማታ ፍላሹን እንደገና ነቀልኩ። ኤፍሲንክ ስህተቱን መለሰልኝ። እልል ማለት ነው የቀረኝ።