ሰማያዊው ማሊያ

የካቲት 12 ቀን 2014 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። አዳማ ፍራንኮ ሰፈር አጠገብ ባለው ጋራዣችን ደረሰኝ እየጻፍኩ ሳለ፣ ከአባቴ ዘመን ጀምሮ ደንበኛችን የሆኑ አንድ ሽማግሌ ሹፌር ገቡ። «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ?» ብዬ ተነሣሁ። መልስ አልሰጡኝም፤ ዐይናቸው ደረቴ ላይ ቀርቷል። በዚያ ሳምንት የደረሰኝን የጣልያን ራግቢ ብሔራዊ ቡድን ሰማያዊ ማሊያ ለብሼ ነበር።

«ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» አሉኝ።

«አሥራ ሁለት» አልኩ። የተናገርኩትን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

«አያቴ የተገደሉት በዚህ ቀን ነው» አሉና መኪናቸውን አዙረው ሄዱ።

ማሊያውን አውልቄ ከዕቃ ሳጥን ግርጌ ከተትኩት። ዛሬ እንደገና የምለብሰው ስለሆነ፣ በመካከሉ ምን እንዳደረግሁ መጻፍ ፈለግሁ። በዚህች አገር እንደ እኔ የሁለት ወገን ደም ያለው፣ አንዱን ወገን ጮክ ብሎ ለመጥራት የሚፈራ ሰው ብዙ ነው።

የአባቴ አባት ከትሬቪዞ አካባቢ ከወራሪው ጦር ጋር የመጣ፣ ትሬንታ ኳትሮ የሚባለው የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። አባቴ የተወለደው በ1932 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ግንቦት ውስጥ የፋሽስቱ መንግሥት አንድ ሕግ አወጣ፤ ጣልያናዊ አባት ከአገሬው ሴት የወለደውን ልጅ ልጄ ነው ብሎ መቀበል ተከለከለ። ከሦስት ዓመት በፊትም ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት መኖርን ወንጀል ያደረገ ሌላ ሕግ ወጥቶ ነበር። አያቴ ልጇን በእንዲህ ያለ ዘመን ወለደች። በ1933 ዓ.ም. እንግሊዞች ሰውየውን ማርከው ወሰዱት፤ ከዚያ በኋላ ወሬው ጠፋ። አባቴ በእናቱ አባት ስም ተጠርቶ አደገ። የሰፈር ልጆች አርበኛና ጣልያን ሲጫወቱ ሁልጊዜ ጣልያኑ እርሱ እንደ ነበር፣ ሁልጊዜም እንደሚማረክ ነግሮኛል። የነገረኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እኔም አልደገምኩትም።

ከአባቱ አገር የቀረለት ነገር ቢኖር ካቻቢቴ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ካምቢዮ የሚሉት የጋራዥ ቃላት ናቸው። እነርሱንም የተማረው ከሌሎች መካኒኮች ነው። ማሊያ የሚለው ቃል ራሱ ከዚያው መንገድ የመጣ ነው።

እናቴ የምንጃር ሰው ናት። የእርሷ አያት አርበኛ ነበሩ፤ ዱር እንደ ገቡ አልተመለሱም። በቤታችን ግድግዳ ላይ ጎፈሬያቸውን ያበጠሩት የእኚህ ሰው ሥዕልና የክልሱ የአባቴ ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። እናቴ አባቴን እስከ መጨረሻው ወዳዋለች፤ የአባቱን አገር ስም ግን በበጎ ስታነሣ ሰምቼ አላውቅም።

ራግቢ ወደ ቤታችን የገባው አባቴ ካረፈ በኋላ ነው። የጣልያኑን አያቴን የትውልድ መንደር ከድሮ ወረቀት ላይ አግኝቼ ለማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤ ጻፍኩ። ከወራት በኋላ የወንድሙ የልጅ ልጅ መለሰልኝ። ትሬቪዞ ለራግቢ ልዩ ፍቅር ካላቸው የጣልያን ከተሞች አንዷ ናት፤ ዘመዴም ሕፃናትን ራግቢ ያሠለጥናል። ስለ ቤተሰብ ለመነጋገር ሁለታችንም ስለተቸገርን ስለ ጨዋታ አወራን። የጨዋታ ምስል ይልክልኛል፤ እኔ ደንቡን እጠይቃለሁ። ኳሱ በእጅ ወደ ኋላ እንጂ ወደ ፊት እንደማይወረወር፣ ከመስመሩ አሳልፎ መሬት ያስነካ አምስት ነጥብ እንደሚያገኝ የተማርኩት በዚህ መንገድ ነው።

ልቤን የያዘው ግን የተጫዋቾች ምርጫ ደንቡ ነው። በራግቢ ለአንድ አገር ለመሰለፍ እዚያ መወለድ፣ ወይም ከወላጅ አለዚያም ከአያት አንዱ እዚያ የተወለደ መሆኑ፣ ወይም ለአምስት ዓመት እዚያ ብቻ ተመዝግቦ መጫወት ይበቃል። ይህን ሳነብ ለረጅም ጊዜ ከወንበሬ አልተነሣሁም። የአገሩ ሕግ አባቴን ልጅ አይደለህም ብሎታል፤ የአገሩ ጨዋታ ደግሞ የሚጠይቀው አያትህ የት ተወለደ ብሎ ነው። ማስረጃ አምጣ ብባል የልደት ወረቀት እንደሌለኝ አውቃለሁ። ሆኖም ጥያቄው ራሱ ለእኔ እንደ ተከፈተ በር ነበር።

ወደ የካቲቱ ቅዳሜ ልመለስ። ማሊያውን በሳጥን ከከተትኩ ከአንድ ወር በኋላ፣ መጋቢት 10 ቀን፣ ጣልያን ካርዲፍ ላይ ከዌልስ ጋር ገጠመች። ስድስት የአውሮፓ አገሮች በየዓመቱ በሚገጥሙበት በስድስቱ አገሮች ውድድር 36 ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፋ ነበር። ጋራዡን ዘግቼ በስልኬ ብቻዬን አየሁ። ዌልስ 21 ለ15 እየመራች ሊያበቃ ደቂቃ ሲቀረው አንጅ ካፑኦዞ የሚባል ቀጭን ልጅ ኳሷን ይዞ በቀኝ በኩል ሁሉን አልፎ ሮጠ፤ ለኤዶዋርዶ ፓዶቫኒ አቀበለው፤ እርሱም ከመስመሩ አሳልፎ መሬት አስነካ፤ ፓኦሎ ጋርቢሲ የሁለት ነጥቡን ተጨማሪ ምት አስቆጠረና 22 ለ21 ሆነ። የጨዋታው ኮከብ ተብሎ የተሸለመው የዌልሱ ጆሽ አዳምስ ሜዳሊያውን ወስዶ ለካፑኦዞ ሰጠው። ካፑኦዞ ፈረንሳይ ውስጥ የተወለደ ልጅ ነው። አለቀስኩ። ወዲያውም ለማን ነው የማለቅሰው ብዬ ራሴን ጠየቅሁ።

መልሱን በቤቴ ተቀምጬ ላገኘው እንደማልችል ስለገባኝ መጀመሪያ ወደ ሽማግሌው ሄድኩ። ቡና አስፈሉልኝ። ስለ አያታቸው፣ በ1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ አዲስ አበባ ላይ ሦስት ቀን ስለተፈጸመው ግድያ፣ በር ተዘግቶባቸው ስለተቃጠሉት ቤቶች እስኪመሽ አወሩኝ። ስለ ማሊያው አንድ ቃል አልተነፈሱም። ልሰናበት ስል፣ «የመኪናዋ ፍሬን ይጮኻል፤ ሰኞ አመጣታለሁ» አሉኝ።

ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ። አንድን ቡድን ለመደገፍ ታሪክ ማንበብ ትርፍ ድካም የሚመስለው ይኖራል፤ ለእኛ ግን ከዚህ ሌላ መንገድ ያለ አይመስለኝም። ጣልያን የስድስቱን አገሮች ጨዋታ የምታስተናግድበት የሮማው ኦሎምፒክ ስታዲየም የቆመው ሙሶሊኒ ባሠራው የስፖርት ግቢ ውስጥ ነው። ስሙ የተቀረጸበት ሐውልት ዛሬም ቆሟል፤ ከመንገዱ ዳር በተደረደሩት የእብነ በረድ ድንጋዮች ላይ ኢትዮጵያን ይዘን ግዛተ ዐፄ አቋቋምን ብለው ያወጁበት ቀን ተጽፏል። ደጋፊው በዚያ በኩል አልፎ ነው የሚገባው። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ አፊሌ በምትባል ከተማ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ተሠርቶለታል። ይህን ለዘመዴ ጻፍኩለት። ስለ ድንጋዮቹ በትምህርት ቤት ማንም እንዳልነገረው መለሰልኝ፤ በሚቀጥለው ጉዞው ልጆቹን አቁሞ አስነብቧቸዋል። ከእርሱ የተቀበልኩት ትልቁ ስጦታ ይህ ነው፤ የላከልኝ ማሊያ እንኳ ከዚህ ቀጥሎ ነው የሚመጣው።

ስለ ቡድኑም ያወቅሁት ሁሉ አስደሳች አልነበረም። በጊኒ ተወልዶ በልጅነቱ ጣልያን የገባው ሸሪፍ ትራኦሬ እ.ኤ.አ. በ2022 ከክለብ ጓደኞቹ ጋር የገና ስጦታ ሲለዋወጡ የደረሰው የበሰበሰ ሙዝ ነበር፤ ዝም አላለም፣ በይፋ ተናገረ። አባቱ ኮንጓዊ የሆነው ማክሲም ምባንዳ ደግሞ በኮሮናው ወረርሽኝ ጊዜ ፓርማ ውስጥ በበጎ ፈቃድ አምቡላንስ ነድቷል። የምደግፈው ቡድን የእነዚህ ሰዎች ቡድን ነው። ሙዙን ያስቀመጠው እጅ ከዚያው አገር እንደ ወጣም አልረሳም።

ቀስ በቀስ ለራሴ ሥርዓት አበጀሁ። ውድድሩ በየዓመቱ ከጥር መጨረሻ እስከ መጋቢት ስለሚውል የካቲት 12ንም ዐድዋንም ማለፉ አይቀርም። በሁለቱ ቀናት ማሊያው ከሳጥን አይወጣም። መዝሙራቸው ሲዘመር ከመቀመጫዬ አልነሣም፤ ለመዝሙር የምቆመው ለአገሬ ብቻ ነው። ከሁሉ የከበደኝ «እኛ» የሚለው ቃል ሆነ። «አሸነፍን» የሚለው ምላሴ ላይ ሲመጣ፣ በዐድዋ ያሸነፍነው እኛ እነማን ነን? የሚል ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ «ልጆቹ አሸነፉ» እላለሁ። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ለእኔ ግን እንቅልፍ የሰጠኝ ይህ ነው።

ያልተሳካልኝም አለ። የሰፈር ጓደኞቼን ኳስ ማሳያ ቤት ሰብስቤ ጨዋታውን ላስወድዳቸው ሞከርኩ፤ የአርሰናል ጨዋታ ሲደርስ ሁሉም ፊቱን አዞረ። አንዱ ደግሞ «ባንዳ» አለኝ። እንደ ቀልድ ነው ያለው፤ እኔ ግን የአርበኛውን የእናቴን አያት ስም ጠርቼ መልስ ሰጠሁት፣ ድምፄም ከፍ አለ። ያን ቀን አንድ ስሕተት ሠራሁ። በእናቴ ወገን ተሸፍኜ የአባቴን ወገን ደበቅሁ። «አዎ፣ የአባቴ አባት ጣልያን ነበር፤ አባቴ ግን ማንንም አልከዳም» ማለት ነበረብኝ። ኋላ ሄጄ እንዲሁ አልኩት፤ ዝም ብሎ አዳመጠኝ።

በ2016 ዓ.ም. የካቲት 17 ቀን ልጆቹ በፈረንሳይ ምድር ሊያሸንፉ ነበር። በመጨረሻው ደቂቃ ጋርቢሲ ሊመታ ሲል ኳሷ ከማስቀመጫዋ ወደቀች፤ ተጣድፎ መልሶ አቁሞ ሲመታ የግቡን ቋሚ መታችና 13 ለ13 አለቀ። ጩኸቴን ሰምታ እናቴ ከጓዳ ወጣች። «ምን ሆነህ ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። ምንም ሳትል ተመለሰች። የዐድዋ ቅዳሜ ውድድሩ እረፍት ላይ ስለነበር እኔና እርሷ ቀኑን በአርበኛው ሥዕል ስር ቡና አፍልተን አሳለፍን።

በቀጣዩ ቅዳሜ፣ የካቲት 30፣ ሮማ ላይ ከስኮትላንድ ጋር ጨዋታው ሲጀመር ሳልጠራት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ልጆቹ በዚህ ውድድር በሜዳቸው ካሸነፉ 11 ዓመት ሆኗቸዋል። ስኮትላንድ እየመራች ለእረፍት ወጡ። ከእረፍት መልስ ሉዊስ ላይና የሚባል ልጅ በመጀመሪያ ጨዋታው ኳሷን ከመስመሩ አሳልፎ መሬት አስነካ።

«ይህ ደግሞ የማን ልጅ ነው?» አለች እናቴ።

«ትሬቪዞ ነው የተወለደው፣ የአባዬ አባት አገር። እናቱ ጣልያን ናት፤ አባቱ ለአውስትራሊያ ተጫውቶ የዓለም ዋንጫ የበላ ሰው ነው። ልጁ ያደገው እንግሊዝ ነው።»

«ስሙስ?»

«የያዘው የአባቱን ስም ነው።»

ወደ ግድግዳው፣ ወደ አባቴ ፎቶግራፍ ቀና ብላ አየች። ጨዋታው 31 ለ29 እስኪያልቅ ድረስ፣ ሰማያዊ የለበሰ ሁሉ ኳስ በያዘ ቁጥር ክንዴን እየነካች «ያ ልጅ ነው?» ትለኝ ነበር።