ውሻ ይዞ ወፍ ማየት፦ በቴምዝ ወንዝ አፍ ዳርቻ የብርድ ወራት ጉዞዎቼ

ውሻ አስከትሎ ወፍ ለማየት መሄድ የማይሆን ነገር ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ውሻው ይሮጣል፣ ወፉ ይበራል፣ ሰውየውም ባዶ ጭቃ ሲያይ ውሎ ይመለሳል ይላሉ። እኔ ከምሥራቅ ለንደን እየተነሣሁ፣ ዳማ ከምትባለው ውሻዬ ጋር ሊ ኦን ሲ ወደምትባለው የባሕር ዳር ከተማ በብርድ ወራት ተመላልሼ ያየሁት ግን ከዚህ የተለየ ነው። ወፎቹን በአብዛኛው የሚያስበረግጋቸው ያለ ሰዓቱ መሄድ፣ ያለ ቦታው መቆምና ውሻን ያለ ገመድ መልቀቅ ነው። እነዚህን ማስተካከል ይቻላል፤ እንዴት እንዳስተካከልኳቸው የምጽፈውም ውሻ ያላቸው ወገኖቼ የብርዱን ወራት ቤት ዘግተው እንዳያሳልፉ በማሰብ ነው።

ሊ ኦን ሲ የቴምዝ ወንዝ ከባሕር ከሚገናኝበት ሰፊ አፍ በስተ ሰሜን፣ በኤሴክስ አውራጃ የምትገኝ የቀድሞ የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። ባቡሩ ከፌንቸርች ስትሪት ጣቢያ ተነሥቶ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ያደርሳል፤ ውሻ ደግሞ በብሪታንያ ባቡሮች ያለ ክፍያ ይሳፈራል። እናቴ ይህን በስልክ ስነግራት «ውሻም በባቡር?» ብላ ደጋግማ ጠይቃኛለች፤ በእኛ ቤት ውሻ የግቢ ዘበኛ እንጂ የመንገድ ጓደኛ አልነበረምና አልፈርድባትም። ውኃው ሲጎድል ከዳርቻው አንሥቶ እጅግ ሩቅ ድረስ የሚዘረጋ የጭቃ ሜዳ ይገለጣል። ጎረቤቷ ሳውዝኤንድ 2.16 ኪሎ ሜትር ወደ ባሕር የሚዘልቅ የመርከብ መድረሻ ድልድይ የሠራችው፣ ውኃው ከመጉደሉ የተነሣ መርከቦች ወደ ዳር መቅረብ ስላልቻሉ ነበር። መርከቦችን ያስቸገረው ይህ ጭቃ ለአዕዋፍ የሞላ ማዕድ ነው፤ ትላትል፣ ጥቃቅን ቀንድ አውጣዎችና ዛጎል ለበስ ፍጥረታት በውስጡ ይርመሰመሳሉ። የቤንፍሊትና የሳውዝኤንድ ረግረግ በ1971 በኢራን ራምሳር ከተማ በተፈረመው የረግረግ ቦታዎች ስምምነት መሠረት ከተመዘገቡት ቦታዎች አንዱ የሆነውም ስለዚህ ነው።

ከሰሜን የሚመጡት አዕዋፍ ግን ሁሉም እዚህ አይቀሩም። ሾቨለር የሚባለው መንቁረ ሰፊ ዳክዬና ፒንቴል የሚባለው ጅራተ ሹል ዳክዬ በዚህ ዳርቻም፣ በእኛ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችም ብርዱን ያሳልፋሉ። በአገራችን በጋ ወራት ዝዋይ ሐይቅ ላይ ያየኋቸውን ዓይነቶች እዚህ በውርጭ መካከል ሳገኛቸው ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ስለ ገመድና ስለ ሰዓት ከመናገሬ በፊት፣ ወፍን ማስበርገግ በብርድ ወራት ለምን እንደሚከብድ መረዳት ያስፈልጋል፤ እኔም ይህን ከተረዳሁ በኋላ ነው መንገዴ የተቃናልኝ። ደንሊን የምትባለው የዳርቻ ወፍ ክብደቷ 50 ግራም ገደማ ነው። በዲሴምበር የቀኑ ብርሃን ስምንት ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ጭቃው ደግሞ በውኃ በተሸፈነ ጊዜ ሁሉ ማዕዷ ይዘጋባታል። ስለዚህ ውኃው በጎደለባቸው ሰዓታት፣ ሌሊትም ጭምር፣ ለብርዱ የሚበቃትን ለቅማ መጨረስ አለባት። አንድ ውሻ መንጋውን ባስነሣ ቁጥር ወፏ የምትከፍለው ሁለት ጊዜ ነው፤ በመብረሯ ጉልበት ታወጣለች፣ ያልበላችበትን ጊዜም አታገኘውም። በሞቃት ወራት እንዲህ ያለውን ጉድለት ልትተካው ትችል ይሆናል፤ ውርጭ በሰነበተበት ሳምንት ግን ነፍሷን ሊያሳጣት ይችላል። ሰው ብቻውን ሲያልፍ የማይነሡ ወፎች ውሻ ሲያዩ የሚነሡትም በዓይናቸው ውሻ ከቀበሮ ስለማይለይ ነው።

ሁሉንም ነገር የሚወስነው የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ነው። ከአንዱ ሙላት እስከሚቀጥለው ድረስ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ስለዚህ ሙላቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ እየዘገየ ይሄዳል። ጨረቃ ሙሉ ወይም አዲስ በሆነችበት ሰሞን በዚህ ዳርቻ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ከ5 ሜትር ያልፋል። ውኃው ጨርሶ በጎደለ ጊዜ የሄደ ሰው ወፎቹን ከአድማስ ሥር እንደተበተነ ኑግ ያያቸዋል፤ ባይኖኩላር የሚባለውን የሩቅ ማያ መነጽር ቢይዝም ከርሉና ጎድዊት የሚባሉትን መንቁረ ረጃጅም የዳርቻ ወፎች መለየት ይቸግረዋል። እኔ የምደርሰው ከሙላቱ ሦስት ሰዓት ያህል ቀድሜ ነው። ያን ጊዜ ውኃው በጭቃው ላይ እየተሳበ ወፎቹን ወደ ዳር ይገፋቸዋል፤ እኔ ወደ እነርሱ መቅረብ አያስፈልገኝም፣ እነርሱ ራሳቸው ወደቆምኩበት ይመጣሉ። ይህ አንድ እውቀት ከውድ መሣሪያ ሁሉ ይበልጥ ጠቅሞኛል። ሙላቱ ሲደርስ ግን ወፎቹ በረግረጉ ሣርና በጠጠሩ ላይ ተጨናንቀው ያርፋሉ፤ ሌላ የሚሸሹበት ስፍራም የላቸውም። በዚያች ሰዓት ከዳርቻው ለቅቄ ከዳማ ጋር ወደ ሃድሊ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ወደሚያወጣው ኮረብታ እሄዳለሁ። ከ14ኛው መቶ ዘመን የቀሩት ማማዎች ካሉበት ከፍታ ላይ ሆኖ የወንዙን አፍ ሁሉ ማየት ይቻላል፤ ማንም አይበረግግም፣ እርሷም የልቧን ታሸታለች።

ዳማን ያለማመድኳት በሁለት ቃላት ነው፤ «ቁጭ» እና «ቆይ»። በአማርኛ ማዘዜ በተለይ ጠቅሞኛል፤ በመንገድ የሚያልፉ ሰዎች የየራሳቸውን ውሾች በእንግሊዝኛ ሲጠሩ እርሷ ዞር አትልም። ልምምዱን የጀመርነው ከባሕር ርቀን፣ እርግብ በሚበዛበት የሰፈራችን መናፈሻ ነው፤ እርግብ አይታ ዝም ማለት የቻለች ውሻ ዝይ አይታም ዝም ትላለች። ገመዱ ሁለት ሜትር ያህል ነው፤ ጫፉን በእጄ ሳይሆን በወገቤ ላይ ባለ ቀበቶ አስሬዋለሁ፤ እንዲህ ሲሆን ሁለቱም እጆቼ ባይኖኩላሩን ለመያዝ ነጻ ይሆናሉ፣ እርሷ ስትንቀሳቀስም ወዲያው ይሰማኛል። የገመዱ ሌላኛ ጫፍ ከአንገቷ ይልቅ ደረቷን በሚያቅፍ ማሰሪያ ላይ መሆን አለበት። የሚርዘምና የሚያጥር መጠቅለያ ያለውን ገመድ ግን ለዚህ ሥራ አልወደውም፤ ውሻዋን ከሰውዬው ስለሚያርቃት ወፎቹ ብቻዋን የመጣች አድርገው ይቆጥሯታል። ስቆም ዳማን ከእግሬ ሥር፣ በየብሱ በኩል አስቀምጣታለሁ፤ ስንሄድም የባሕሩን ግድብ አናት ትተን በየብሱ በኩል ያለውን የግርጌ መንገድ፣ ባለበት ቦታ ሁሉ፣ እንመርጣለን። በግድቡ አናት ላይ የሚሄድ ሰው ቅርጹ ከሰማዩ ጋር ተለይቶ ከሩቅ ይታያል።

ከዳርቻው ወፎች ሁሉ አስቀድሞ የሚጮኸው ሬድሻንክ የሚባለው እግረ ቀይ ወፍ ነው፤ እንግሊዞች የረግረጉ ዘበኛ ይሉታል። እርሱ ጮኾ ከተነሣ ሌላውም ይከተላል፤ ስለዚህ እርሱ አንገቱን ከፍ ዝቅ ማድረግ ሲጀምር ወዲያው እቆማለሁ፤ ካላረፈም ወደ ኋላ እመለሳለሁ። ለዝዮቹም ያወጣሁት ደንብ ይህንኑ የመሰለ ነው፤ አንገታቸውን ወደ ታች አድርገው እስከጋጡ ድረስ ርቀቱ ልክ ነው፣ ብዙ አንገቶች ቀጥ ብለው ከቆሙ ግን አልፌአለሁ ማለት ነው። በዚህ ረገድ ዳማ ከእኔ ትበልጣለች። አንድ ማለዳ ከሊ ኦን ሲ አጠገብ ባለችው በቱ ትሪ ደሴት በኩል ስንሄድ በድንገት ቆመች፤ የቀኝ ጆሮዋ ወደ ውኃ ቦዩ ዞረ፣ አፍንጫዋ ብቻ እየተንቀጠቀጠ የቀረው አካሏ ዝም አለ። እኔ ከሣርና ከጭቃ በቀር ያየሁት አልነበረም። «ቆይ» ብያት በቀስታ ጎንበስ ስል፣ ከፊታችን ባለው የቦይ ጠርዝ ስናይፕ የሚባለው ረጅም መንቁር ያለው ወፍ ከደረቀው ሣር ቀለም ጋር ተመሳስሎ ተጋድሞ ነበር፤ በጀርባው ላይ ያሉት ቢጫ መስመሮች አንድ በአንድ ይታዩ ነበር። ትንፋሻችንን ውጠን ወደ ኋላ ተመለስን፤ እርሱም ከስፍራው አልተነሣም። ብቻዬን ብሆን ኖሮ ረግጬ ላስነሣው ምንም አልቀረኝም ነበር። ከዚያ ወዲህ ከአድማሱ ይልቅ የዳማን ጆሮ መከታተል ልማዴ ሆኗል።

ከሁሉ አብልጬ የምወዳቸው ብሬንት የሚባሉት ትንንሽ ጥቁር ዝዮች ናቸው። በሳይቤሪያ ሰሜናዊ ጫፍ በታይሚር ልሳነ ምድር ተፈልፍለው፣ ኦክቶበር ሲገባ እዚህ ይደርሳሉ፤ መጀመሪያ የሚግጡትም በጭቃው ላይ የሚበቅለውን የባሕር ሣር ነው። በ1930ዎቹ ይህን ሣር በሽታ ባጠፋው ጊዜ የዝዮቹም ቁጥር አብሮ አሽቆልቁሎ ነበር። በአሮጌው መንደር የዛጎል መሸጫዎች አጠገብ ቆሞ ቤተሰቦቻቸውን መለየት ይቻላል፤ የዓመቱ ጫጩቶች በክንፋቸው ላይ ነጫጭ መስመሮች አሏቸው፣ እስከ ብርዱ ማብቂያም ከእናትና ከአባታቸው አይለዩም። በአንዳንድ ዓመት በየቤተሰቡ ሦስትና አራት ጫጩት ይታያል፤ በሌላው ዓመት በመንጋው ሁሉ አንድም አይገኝም። ምክንያቱ ያለው በታይሚር ነው፤ ሌሚንግ የሚባሉት የዋልታ አይጦች በበዙበት ዓመት ቀበሮዎች እነርሱን ይበላሉ፣ አይጦቹ ባነሱበት ዓመት ግን ፊታቸውን ወደ ዝዮቹ እንቁላልና ጫጩት ይመልሳሉ። በኤሴክስ ጭቃ ላይ ቆሞ የሳይቤሪያን አይጦች ሁኔታ መገመት መቻል እጅግ ያስደንቀኛል፤ ስለዚህም ነጭ መስመር ያላቸውን ሁልጊዜ እቆጥራለሁ፣ ቁጥሩንም ለብሪታንያ የአዕዋፍ ጥናት ተቋም የመመዝገቢያ ገጽ አስተላልፋለሁ።

ስለ ውሻዋ ጤና ጥቂት ልበል። የባሕር ውኃ የጠጣ ውሻ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋልም፤ ስለዚህ የሚጠጣ ንጹሕ ውኃ ከቤት እይዛለሁ፣ ስንመለስም ጨውና ጭቃ እንዳያሳክካት መዳፎቿን አጥባለሁ። የሞተ ወፍ ካየን አናልፍበትም፤ የወፍ ጉንፋን በሽታ ባለበት ዘመን ውሻም ሰውም ሬሳውን መንካት የለበትም፣ ለሚመለከተው ክፍል ማስታወቅ ነው። ወደ ጭቃው ውስጥ መግባት ደግሞ ለሁለታችንም ክልክል ነው፤ ጭቃው ይይዛል፣ ውኃው ሲመለስም በጎን በኩል በቦዮች ዞሮ ከኋላ ይደርሳል።

በቱ ትሪ ደሴት ምዕራባዊ ጫፍ ላይ ወደ ላይ የታጠፈ መንቁር ያላቸው አቮሴቶች የሚያርፉበት ኩሬ አለ፤ ከመመልከቻ ጎጆው ስገባ ዳማን ይዤ አልገባም፣ አብሮኝ የመጣ ሰው ካለ ተራ በተራ እንገባለን፣ ከሌለ ኩሬውን እተወዋለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ሙላቱ በእኩለ ቀን አካባቢ የሚውልበትን ቅዳሜ ይምረጥ፤ በዚህ ዳርቻ ትልልቆቹ ሙላቶች የሚውሉት በዚያ ሰዓት ገደማ ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት የደረሰ ሰው ውኃው ሲመጣ ያያል፣ በሙላቱ ሰዓት ኮረብታው ላይ ምሳውን ይበላል፣ ብርሃኑ ከመጥፋቱ በፊትም ወፎቹ ወደ ተገለጠው ጭቃ ሲመለሱ ለማየት በቂ ጊዜ ይተርፈዋል።