ከኩባ ሥዕል ለምታወጡ

ከሶማሊያ ጦርነት በኋላ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ወደ ኩባ ከተላክነው የኢትዮጵያ ልጆች አንዷ ነኝ። ያደግኩት ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ በምትባል የኩባ ደሴት ነው፤ ግማሽ ቀን ትምህርት፣ ግማሽ ቀን ግሬፕፍሩት ለቀማ። ዛሬ ማያሚ ሆኜ የምስለውም የምጽፈውም ስለዚያው ነው። ሠዓሊዋን አና ሜንዲየታን ያወቅኳት እዚህ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1961፣ በ12 ዓመቷ፣ ያለ ወላጅ ከሀቫና ወደ አሜሪካ ተልካለች። በዚያን ጊዜ እንደሷ ከ14,000 በላይ ልጆች ወጥተዋል። እነሱ ከኩባ፣ እኛ ወደ ኩባ።

መምህሬ የልጅነት ሥዕሎቼን አስቀምጣልኝ ኖራለች፤ ላመጣቸው ሄድኩ። ቪዛው፣ ትኬቱ፣ ከባታባኖ ወደብ ወደ ደሴቲቱ ከተማ ወደ ኑዌቫ ሄሮና የሚያሻግረው ጀልባ ምንም አላስቸገረኝም። የማያሚ ጓደኞቼ "አሜሪካ ስትገቢ ይወርሱብሻል" ብለው አስፈራርተውኝ ነበር። ሐሰት ነው። የማያሚው ሥዕል ሰብሳቢ ራሞን ሴርኑዳ የተወረሱበትን የኩባ ሥዕሎች እ.ኤ.አ. በ1989 በፍርድ ቤት አስመልሷል፤ ከ1991 ወዲህ ደግሞ ሥዕል አሜሪካ በኩባ ላይ ከጣለችው የንግድ ማዕቀብ ነፃ ነው።

መከራው ከኩባ መውጫው ላይ ነው። የጉምሩክ ሠራተኛዋ ጥቅሉን ፈታች። ባለካሬ የደብተር ወረቀት፣ በከለር የተሳለ ጎጆ፣ አጠገቡ ዘንባባ፣ ጥግ ላይ በአማርኛ ስሜ። "የማን ሥራ ነው?" "የኔ።" "ፈቃዱስ?" እዚህ የተሠራ ሥዕል የአገር ቅርስ ሊሆን ስለሚችል ያለ ፈቃድ አይወጣም አለችኝ። የልጅ ሥዕል ነው ብል፣ ስሜን በጣቴ ባሳያት፣ ወይ ፍንክች። አባቴን የበላው ጦርነት እዚህ አምጥቶኝ የሳልኩት የማን ቅርስ ሊባል ነው? ሥዕሎቹን ሊሸኘኝ ለመጣው ለመምህሬ ልጅ ሰጥቼ፣ በረራዬን ትቼ ወደ ከተማ ተመለስኩ።

ፈቃድ ሰጪዎቹ የእያንዳንዱን ሥዕል ርዕስ፣ ልክና ፎቶ ጠየቁኝ። ርዕስ ያልነበረውን ሁሉ እዚያው ቆሜ ሰየምኩ። "ነገ ነይ" ተባልኩ፤ በነገው ፈራሚዋ የለችም። ትኬት የቆረጠልኝ ሰው "ለልጅ ሥዕል ምንም አያስፈልግም" ብሎኝ ነበር፤ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ፈቃዱን ከመመለሻችሁ በፊት አውጡ የሚለውን ምክር ተዉት። በገባችሁ ማግስት፣ ዘመድ እንኳ ሳትጠይቁ፣ ፎቶ አሳጥባችሁ ቢሮው ደጃፍ ተገኙ። ቅጹ የሠዓሊውን ዜግነት ሲጠይቅ አንድ ቃል ጽፋችሁ እለፉ ይሏችኋል። እኔ "ኢትዮጵያዊት፣ ኩባ ያደገች" ብዬ ጻፍኩ። አንዱን ሰርዢ አለችኝ። አልሰረዝኩም፤ እንዳለ ፈረመችበት።