በበገና የተመለሰልኝ ጸሎት

እግዚአብሔር ያደረገልኝን በሰው ፊት ልመሰክር ተስዬ ነበርና ስእለቴን እፈጽማለሁ።

ባለቤቴ በድንገት ካረፈ በኋላ ሌሊት ሌሊት ፍርሃት ይይዘኝ ጀመር። ቤቱ ሁሉ ሲተኛ እኔ እነቃለሁ፤ ልቤ ድው ድው ይላል፣ እጄ ይቀዘቅዛል፣ የምሞት ይመስለኛል። ሐኪም ዘንድ ሄጄ ታክሜአለሁ፤ ረድቶኛልም። ጸበል ተጠምቄአለሁ፤ የንስሓ አባቴ ባዘዙኝ መሠረት ውዳሴ ማርያሙንም ዳዊቱንም ሳላስታጉል ደግሜአለሁ። አባታችን ሆይ ላይ ስደርስ ግን አንደበቴ የሚያዝበት ቦታ ነበር፤ «ፈቃድህ በሰማይ እንደ ሆነች እንዲሁም በምድር ትሁን» የሚለው። አባት ያጡ ልጆቼን እያየሁ ይህን ማለት አቃተኝ። በጥድፊያ አልፌው ወደ «የዕለት እንጀራችን» እሻገራለሁ። ልመናዬም «ጌታ ሆይ፣ ይህን ቃል ከልቤ የምለው አድርገኝ፤ ከዚያም አሳርፈኝ» የሚል ብቻ ሆነ።

የዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ቤት ስናጸዳ ልጄ ከዕቃ ሣጥን ሥር አንድ ሲዲ አወጣች። የዓለሙ አጋ በገና ነበር፤ ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ ቁጥር 11 ሆኖ የወጣው። ተማሪ ሳለሁ ጾም በገባ ቁጥር ከጆሮዬ አይለይም ነበር። የደርዳሪውንም ታሪክ እወድደዋለሁ፤ እንጦጦ ተወልደው በልጅነታቸው የመምህራቸውን የአለቃ ተሰማን በገና እየተሸከሙ ነው የተማሩት። በደርግ ዘመን በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የበገና ትምህርት ሲቋረጥም በቤታቸው መደርደራቸውን አልተዉም።

በዚያው ሌሊት ፍርሃቱ ሲቀሰቅሰኝ ድምፁን ዝቅ አድርጌ ከፈትሁት።

በገና አሥር አውታር አለው። ከአውታሩና አውታሩን ከሚደግፈው ከብርኩማው መካከል የሚገባው ትንሽ ቆዳ፣ እንዚራ የሚሉት፣ ያንን የሚነዝር ድምፅ ይሰጠዋል። በወጣትነቴ የምወደው ይህንኑ ንዝረት ነበር። አሁን ግን ጆሮዬ ሌላ ነገር ያዘ። ብዙ ደርዳሪዎች አሥሩንም አውታር አይመቱም፤ ከመካከላቸው የጣት ማረፊያ የሆኑ አሉ። ጣት አንዱን መትቶ በጎረቤቱ ላይ ያርፋል። ቃል ከተነገረ በኋላም በገናው ብቻውን ይቆያል፤ የሚያቻኩለው የለም። ጸሎቴ ያጣው ይህን ማረፊያ እንደ ሆነ በዚያች ሰዓት ገባኝ። እስከዚያ ድረስ ፍርሃቱን ልቀድም እየሮጥሁ ነበር የምጸልየው።

ዝማሬው ሲያበቃ ተነሥቼ በዚያው እርጋታ አባታችን ሆይ ማለት ጀመርሁ። «ፈቃድህ» አልሁና ቆምሁ። አልዘለልሁትም። ዕንባዬ ወረደ። የባለቤቴን ስም ጠራሁ፤ ለንስሓ አባቴ እንኳ ያልነገርሁትን ቁጣ ለእግዚአብሔር ነገርሁት። ለምን ወሰድህብኝ አልሁት። እርሱም ታገሠኝ። ምን ያህል እንደ ቆየሁ አላውቅም፤ በመጨረሻ «በምድር ትሁን» የሚለው ማንም ሳያስገድደኝ ከልቤ ወጣ። ተኛሁ። የነቃሁት ለኪዳን ሲደወል ነው።

ዳዊት በገና ሲመታ ሳኦል ያርፍ፣ ክፉው መንፈስም ይርቀው እንደ ነበር መጽሐፈ ሳሙኤል ይነግረናል። ከሕፃንነቴ የሰማሁትን በራሴ ላይ አየሁት። ፍርሃቱ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም አልልም፤ እየደከመ ጥቂት ጊዜ መጥቷል። ሲመጣም አልሮጥሁም፤ ያንኑ ቃል ይዤ ቆምሁ። ለፋሲካ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ያደርሁት በሰላም ነው፤ ከዚያም በኋላ ጎብኝቶኝ አያውቅም። ባለቤቴን ዛሬም እናፍቃለሁ፤ ሐዘኑ አልተወሰደልኝም፤ የተወሰደልኝ ፍርሃቱ ነው። ስሙ የተመሰገነ ይሁን!

ሲዲውን ያገኘችው ልጄ በሰንበት ትምህርት ቤት በገና ለመማር ተመዝግባለች፤ እንዚራውን ማስተካከል እንዳስቸገራት ትነግረኛለች። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።