ሁሉንም በስኳሬ ሳሳብብ

ስኳር ያለባችሁ ታውቁታላችሁ፣ የሰውነት ጥፋት ሁሉ በሱ ይመካኛል። እግር ሲደነዝዝ ስኳሩ ነው፣ ዓይን ሲጭበረበር ስኳሩ ነው፣ ድካም ስኳሩ ነው። እኔ ደብረ ብርሃን የደሴ መንገድ ዳር ትንሽ ቁርስ ቤት አለችኝ፣ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቼ በዛ ብርድ ፓስቲ እየጠበስኩ ሻይ እያፈላሁ 9 ዓመት ከስኳር ጋር ኖሬያለሁ፣ ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ኪኒኔን እውጣለሁ፣ የመለኪያውን ስትሪፕ ካገኘሁ እለካለሁ፣ ካላገኘሁም እግዜር ያውቃል ብዬ አልፋለሁ። ታዲያ ካረጥኩ ከ4 ዓመት በኋላ የውስጥ ልብሴ ላይ ደም ሳይ ምን አልኩ መሰላችሁ? ስኳሩ ነው።

ብዙ አልነበረም እኮ፣ የአንድ ብር ሳንቲም የምታክል ነገር። በሁለት ሳምንቷ ተመለሰች። አንድ ክሊኒክ ሄድኩና ስኳር ስላለብሽ ኢንፌክሽን ነው ተብዬ አንቲባዮቲክ ተሰጠኝ፣ ሁለተኛም ያው፣ ሦስተኛም ያው። ስኳር ያለባት ሴት ኢንፌክሽን ይበዛባታል፣ ውሸት አይደለም፣ ግን ካረጥሽ ስንት ጊዜሽ ነው ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም። እኔን ደግሞ ያዘናጋኝ ከዛ በፊት የማህፀን በር ምርመራ አድርጌ ነፃ ነሽ መባሌ ነው። የማህፀን በር ካንሰርና የማህፀን ግድግዳ ካንሰር የተለያዩ መሆናቸውን በየት ልወቅ፣ በሩ ደህና ነው ማለት ለካ ሳሎኑ ደህና ነው ማለት አይደለም።

እንዲህ እንዲህ ሲል 7 ወር ሄደ። ነርስ የሆነችው የእህቴ ልጅ ለጥምቀት መጥታ በጨዋታ መሀል ሳወራላት የያዘችውን ሲኒ ቁጭ አድርጋ «እትዬ፣ ካረጡ በኋላ አንድ ጠብታም ቢሆን ዝም አይባልም፣ ሰኞ እንሄዳለን» አለችኝ። አልትራሳውንድ ላይ ግድግዳው ወፍሯል ተባለ፣ ናሙና ተወሰደ፣ ውጤቱ ካንሰር። ደግነቱ ከማህፀን አልወጣም።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ልጄ ይሆናል፣ የማዘዣ ወረቀት ጀርባ ላይ እየሳለ አስረዳኝ። በሁለተኛው ዓይነት ስኳር ሰውነት ኢንሱሊንን እሺ አይልም፣ ቆሽት ደግሞ እልህ ይዞት አብዝቶ ያመርታል፣ ኢንሱሊን ለካ ስኳርን ወደ ሴል ማስገቢያ ብቻ ሳይሆን ሴሉን እደግ ተመንደግ የሚል ነገር ነው፣ ክፉውንም ደጉንም። በዛ ላይ ስብ ካረጥን በኋላም ኤስትሮጅን የሚባለውን የሴት ሆርሞን ይሠራል፣ በሱ የተነሳ የማህፀን ግድግዳ ከልካይ አጥቶ ይወፍራል። እኔ ደግሞ 84 ኪሎ ነበርኩ፣ የፓስቲው ዕዳ። የጉበት፣ የቆሽትና የማህፀን ካንሰር ስኳር ያለበት ሰው ላይ እጥፍ ገደማ ይታያል አለኝ፣ የአንጀት፣ የጡትና የፊኛ ከዛ ባነሰ፣ የፕሮስቴት ግን እንዲያውም ቀነስ ይላል። ስኳር ያለበት ሁሉ ይይዘዋል ማለት አይደለም ብሎ ሁለቴ ደገመልኝ፣ ፊቴን አይቶ መሰለኝ። ስኳሩ ስንት ዓመቱ ነው፣ ከስተዋል ወይ ብሎም ጠየቀኝ። ለምን ስለው፣ ከ50 ዓመት በኋላ ድንገት ስኳር ጀምሮት ሳይፈልግ የሚከሳ ሰው፣ አልፎ አልፎ ስኳሩን ያመጣው የቆሽት ካንሰር ሆኖ ይገኛል አለ። ይሄን ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ኦፕራሲዮኑ ግን ወዲያው አልሆነም። በባዶ ሆዴ 287፣ የ3 ወሩን አማካይ የሚያሳየው ምርመራ ደግሞ 10.4። በዚህ ስኳር ቁስሉ አይድንም፣ ያመረቅዛል ተባልኩና ኢንሱሊን ተጀመረልኝ። አለቀስኩ፣ እኛ ሰፈር ኢንሱሊን የጀመረ ሰው አበቃለት ነው የሚባለው። 5 ሳምንት ጠዋት በባዶ ሆዴ፣ ከበላሁም ከሁለት ሰዓት በኋላ እየለካሁ የልጄ የድሮ ደብተር ላይ ጻፍኩ። ደብተሩ ያላስተማረኝ የለም። ገብስ ለስኳር ጥሩ ነው ሲባል ነው ያደግነው፣ በሶ በኩባያ ጠጥቼ ብለካው 261! ቆሎው በአንድ ጭብጥ ሲሆን 170ዎቹ ውስጥ ነው፣ የበሶውን ማር ግን አልጻፍኩትም ነበር፣ ይሄ የኔ ጥፋት።

ጎረቤት ደግሞ ስኳር ካንሰርን ይቀልበዋል፣ እህል ተዪ አለኝ። ሰማሁ። መርፌውን እየወጋሁ ሁለት ቀን ጎመን ብቻ በላሁ፣ በሁለተኛው ቀን ማንቆርቆሪያውን እንደያዝኩ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ 58! የደንበኛ ስኳር ሦስት ማንኪያ ውሃ ውስጥ በጥብጬ ጠጥቼ ነው የተረፍኩት። ሸንኮራ ዮሐንስም ሄጃለሁ፣ ልጄ ለስኳርሽ ሸንኮራ ብሎ ሳቀብኝ፣ ግን መርፌዬን ይዤ ነው የተጠመቅኩት።

አዲስ አበባ ማህፀኔም እንቁላል ማምረቻውም ወጣ፣ ኬሞ አላስፈለገኝም፣ አሁን ክትትል ላይ ነኝ። የሚቆጨኝ ያ 7 ወር ነው፣ በዛ መሀል ካንሰሩ ከማህፀን ወጥቶ ቢሆንስ ኖሮ።

ደብተሩን አልተውኩም፣ ከስኳሩ ቁጥር ጎን «ሌላ» የሚል መስመር አስምሬበታለሁ፣ በስኳር ላሳብብ የምችለውን ሁሉ እዛ እጽፋለሁ። የዛሬው፦ ጠዋት 128። ሌላ፦ ቀኝ ጉልበቴ አሞኛል። የደብረ ብርሃን ብርድ ነው ብዬ ልጨምርበት ስል እስክሪብቶዬን መለስኩ፣ ቀጠሮዬ ሐሙስ ነው።